ማቆያችን ግድግዳ ላይ ያለው የ«ትኩሳት መንቀጥቀጥ» ወረቀት ልክ ነው?

የታቦር መምህርት፦

ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ታቦር አካባቢ የሕፃናት ማቆያና ሙዓለ ሕፃናት ውስጥ ነው የምሠራው። ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ያሉ ልጆች አሉን። ልጅ በትኩሳት ሲንቀጠቀጥ ምን ይደረግ የሚል ወረቀት ግድግዳችን ላይ ተለጥፏል፤ ማን እንደጻፈው አይታወቅም። ዘንድሮ አድሰን ልንለጥፈው ስለሆነ እንዳለ ገልብጬዋለሁ፦

«እንዳይንፈራገጥ አጥብቃችሁ ያዙት። ምላሱን እንዳይውጥ ማንኪያ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥርሱ መሀል አስገቡ። ክብሪት ጭራችሁ አሽትቱት። በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡት። ፓራሲታሞል ሽሮፕ አንድ የሻይ ማንኪያ ስጡት። ሲነቃ ወላጅ ጥሩ።»

የቱ ይቆይ፣ የቱ ይውጣ? ስንት ደቂቃ ጠብቀን ነው ባጃጅ ይዘን የምንሮጠው? ሽሮፑስ ለሁሉም ልጅ አንድ ማንኪያ ነው? ወላጆች ደግሞ ደጋግመው «የሚጥል በሽታ ነው ወይ? ወደፊትስ ይቀርለታል?» እያሉ ይጠይቁናል። ለእነሱ የምንነግረው ቁጥር ካለ ብትሰጡኝ።

ሲስተር (የሕፃናት ድንገተኛ ክፍል ነርስ)፦

መምህርት፣ ከወረቀቱ የሚቆየው «ወላጅ ጥሩ» የሚለው ብቻ ነው፤ እሱም ሲነቃ ሳይሆን ገና ሲጀምር። ሌላው በሙሉ ይውጣ፤ ግን ሠራተኞቻችሁ ምክንያቱን ካላወቁ ወረቀቱ ቢቀየርም እጃቸው ወደ ማንኪያው መሄዱ አይቀርም፤ ስለዚህ አንድ በአንድ ልናገር።

ምላስ አይዋጥም። ከሥር የተያያዘ ነው። ልጁ ምላሱን ቢነክስ ጠርዙ ላይ ነው፣ በጥቂት ቀን ይድናል። ማንኪያ ግን የወተት ጥርስ ይነቅላል፤ የተነቀለው ጥርስ ወደ አየር ቧንቧ ከገባ እውነተኛው መታፈን ያኔ ነው የሚመጣው። አጥብቆ መያዝም አያቆመውም፤ ትእዛዙ የሚመጣው ከአንጎል ነው፣ እጅና እግሩን ብትይዙት የምታተርፉት ውልቃት ወይም ስብራት ነው። ክብሪት «ሠራ» የሚባለው አብዛኛው የትኩሳት መንቀጥቀጥ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ስለሚቆም ነው፤ ክብሪቱ ተፈልጎ፣ ተጭሮ፣ አፍንጫው ሥር እስኪደርስ ጊዜው ያልቃል። ጭሱ ግን ትንፋሹ የተዛባ ልጅ አየር ቧንቧ ይቆጣል። ቀዝቃዛ ውሃ ቆዳውን አቀዝቅዞ ያንዘፈዝፈዋል፣ የውስጡን ሙቀት ግን ይጨምራል። በስፒሪት ወይም በአረቄ ማሸትም በቆዳ ስለሚገባ አደገኛ ነው። በአፍ የሚሰጥ ማንኛውም ነገር፣ ሽሮፕም ይሁን ውሃ፣ ራሱን ያላወቀ ልጅ ሳንባ ውስጥ ነው የሚገባው።

የምታደርጉት ይህ ነው። ልጁን ከመንካታችሁ በፊት ሰዓት እዩ። በኋላ «ስንት ደቂቃ ቆየ?» ስንል የምናገኘው መልስ ሁልጊዜ «በጣም ብዙ» ነው፤ ሁለት ደቂቃ ለሚያይ ሰው ግማሽ ሰዓት ይመስላል። ከዚያ ወለል ላይ፣ ፍራሽ ወይም ጋቢ አንጥፋችሁ፣ ከጠረጴዛ ማዕዘንና ከምድጃ አርቃችሁ በጎኑ አስተኙት። አፉ ወደ ታች ያዘንብል፣ ለሃጩ ይፍሰስ። የአንገቱን ቁልፍ ፍቱ፣ የተደራረበ ልብስ ቀንሱ። መጀመሪያ ላይ ሲገተር ትንፋሹ ሊቋረጥና ከንፈሩ ሊጠቁር ይችላል፤ እየተንቀጠቀጠ እያለ አፍ ለአፍ አትተንፍሱለት። ከቆመ በኋላ ካልተነፈሰ ነው ያ የሚያስፈልገው።

ሦስት ሰው ይበቃል፦ አንዷ ከልጁ ጋር፣ አንዷ ሌሎቹን ልጆች ይዛ ወጥታ፣ አንዷ ስልክ ላይ። አራተኛ ካለች ሠላሳ ሴኮንድ ቪዲዮ ታንሳ፤ ፊቱ፣ ዓይኑ፣ ሁለቱም እጅና እግሩ በአንድ ላይ ይታዩ። ለሐኪም ከአሥር ደቂቃ ትረካ ይበልጣል። ለሐኪሙና ለወላጁ ብቻ ይታይና ይጥፋ፤ በቴሌግራም የሚዞር የልጅ ቪዲዮ ዕድሜ ልክ ይከተለዋል።

አምስተኛው ደቂቃ ላይ ካልቆመ ተነሱ። አሥራ አምስት አትጠብቁ፤ አምስትን ያለፈ መንቀጥቀጥ በራሱ የመቆም ዕድሉ እየቀነሰ ይሄዳል፣ በቆየ ቁጥር ደግሞ መድኃኒትም ይከብደዋል። ባጃጅ ውስጥ ልጁን ቁጭ አድርጎ ማቀፍ የተለመደ ስህተት ነው፤ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቆ አየር ይዘጋል። ጭናችሁ ላይ በጎኑ ተኝቶ፣ ጭንቅላቱ በክንዳችሁ ተደግፎ ይሂድ። በሰላሙ ቀን ኦክስጅንና ዳያዞፓም (መንቀጥቀጡን የሚያቆመው መድኃኒት) ሌሊትም ቢሆን ያለው ቅርብ ተቋም የቱ እንደሆነ አጣሩ፤ አዳሬ ሆስፒታል ይቀርባችኋል ወይስ ሪፈራል ሆስፒታሉ፣ ያን ቀን አይደለም የሚታሰበው።

ከአምስት ደቂቃ በፊት ቢቆምም የመጀመሪያው ከሆነ ልጁ የዚያኑ ቀን ይታይ። ከቆመ በኋላ ይተኛል፣ ይነጫነጫል፤ ያ የተለመደ ነው። በጎኑ አቆዩት፤ ደህና ነቅቶ ስማችሁን ካልጠራ ወይም ካላወቃችሁ ውሃ አትስጡት።

ዶክተር (የሕፃናት ሐኪም)፦

ሲስተር ከተናገረችው የምቀንሰው የለም። ወደ ወላጆቹ ጥያቄ ልግባ።

የትኩሳት መንቀጥቀጥ የምንለው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባለ ልጅ፣ ሙቀቱ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሆኖ፣ የአንጎል ወይም የማጅራት ኢንፌክሽን ሳይኖር፣ ከዚያ በፊት ያለ ትኩሳት ተንቀጥቅጦ የማያውቅ ሲሆን ነው። በብዛት የሚታየው ከ12 እስከ 18 ወር አካባቢ ነው። በብዙ አገር ከ100 ልጆች ከ2 እስከ 5 የሚሆኑትን ይነካል፤ ብርቅ አይደለም።

ቀላሉ ዓይነት መላ ሰውነትን ይዞ፣ ከ15 ደቂቃ በታች ቆይቶ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ የማይደገም ነው። ከሦስቱ አንዱ ከተጣሰ፣ ማለትም በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ፣ ከረዘመ ወይም በዚያው ቀን ከተመለሰ፣ ውስብስብ እንለዋለን። ለዚህ ነው የትኛው እጅ እንደጀመረ የምንጠይቀው።

ወላጆች ሁለት ጥያቄ ይቀላቅላሉ። «ይደገማል ወይ?» ለሚለው፦ ከሦስት አንድ ገደማ ልጅ በሌላ ትኩሳት ይደገምበታል፤ የመጀመሪያው ከአንድ ዓመት በፊት ከሆነ ወደ ግማሽ ይጠጋል። እናቱ ወይም አባቱ በልጅነታቸው ኖሮባቸው ከሆነ፣ ትኩሳቱ ብዙም ሳይከር ከያዘው፣ ወይም ትኩሳቱ በጀመረ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከያዘው ዕድሉ ከፍ ይላል። «የሚጥል በሽታ ይሆናል ወይ?» ለሚለው ግን መልሱ በጣም የተለየ ነው። ከማንኛውም 100 ልጅ አንድ ያህሉ የሚጥል በሽታ ይኖርበታል። ቀላል የትኩሳት መንቀጥቀጥ በነበረበት ልጅ ይህ ከ1 እስከ 2 ነው። ከውስብስቡ ምልክቶች አንዱ ብቻ ካለ ከ6 እስከ 8 ገደማ፤ ሦስቱም ከተደራረቡ ግን ወደ ግማሽ ይወጣል። ቀድሞ እድገቱ የዘገየ ልጅም ጥብቅ ክትትል ይፈልጋል። ቀላሉ ዓይነት የልጁን አእምሮም ሆነ ትምህርት አይጎዳም። ይህን ለወላጅ ስትነግሩ ድምፃችሁ አይወላውል።

ለቀላል የትኩሳት መንቀጥቀጥ ኢኢጂም (የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራ) ሲቲ ስካንም (የአንጎል ምስል) አያስፈልግም። ኢኢጂው ላይ የሆነ ነገር ቢታይ እንኳ ወደፊት ምን እንደሚሆን አይነግረንም፣ ወላጅን ግን ለወራት ያስጨንቃል።

አሁን ትልቁ ጉዳይ። እኔን የሚያስፈራኝ መንቀጥቀጡ አይደለም፣ ትኩሳቱን ያመጣው ነገር ነው። አውሮፓ ተቀምጦ የተጻፈ መመሪያ «ጉንፋን ነው፣ ወደ ቤት ይሂድ» ቢል እዚያ ልክ ነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሐይቅ ዳር ያለች ከተማ ናት፤ ወባ አለ። በተለይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ከዚያም በልግ ዝናብ ተከትሎ፣ ተንቀጥቅጦ የመጣ ልጅ ሁሉ የደም ምርመራ ይደረግለታል። መንቀጥቀጡ ቆሞ ከግማሽ ሰዓት በኋላም ራሱን ካላወቀ የአንጎል ወባን እናስባለን፤ አርቴሱኔት የተባለው የወባ መድኃኒት በደም ሥር ይጀመራል፣ ከ20 ኪሎ በታች ላለ ልጅ በኪሎ 3 ሚሊ ግራም፣ በ0፣ በ12 እና በ24ኛው ሰዓት። ወባ ተገኘ ማለት ደግሞ ማጅራት ገትር የለም ማለት አይደለም። ሁለቱ አብረው ይመጣሉ።

ማጅራት ገትርን ከአንድ ዓመት በታች ባለ ሕፃን በአንገት መድረቅ መፈለግ ያታልላል፤ አንገቱ ላይደርቅ ይችላል። ያበጠ እርግብግቢት፣ ጡት እምቢ ማለት፣ ደጋግሞ ማስመለስ፣ ሲታቀፍ የበለጠ ማልቀስ፣ ሲጫኑት የማይጠፋ ጥቁር ቀይ ነጠብጣብ ቆዳው ላይ፣ እነዚህ ናቸው ምልክቶቹ። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጡትን ክትባቶች ያልጨረሰ፣ ወይም ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ሁለት ቀን ወስዶ የመጣ ልጅ ላይ ጥርጣሬያችን ይጨምራል፤ ያ አንቲባዮቲክ ምልክቱን ይሸፍናል እንጂ በሽታውን አያድንም። ስለዚህ የክትባት ካርዱ ቅጂ ማቆያችሁ ውስጥ ይኑር።

ወላጆች ከጀርባ ፈሳሽ መውሰድን «ሽባ ያደርጋል» ብለው እምቢ ይላሉ። መርፌው የሚገባው ሕብለ ሰረሰር ካለቀበት በታች፣ ወገብ ላይ ነው። እምቢታው ግን ልጅ ይገድላል።

ለጆሮ፣ ለቶንሲል፣ ለሳንባ፣ ከሁለት ዓመት በታች ላሉት ለሽንትም ይታያል። ትኩሳት ያለበትን ሕፃን ግግ ማስነቀልና እንጥል ማስቆረጥ ቁስልና መድማት ከመጨመር ያለፈ ጥቅም የለውም።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፦

ዶክተር፣ አንድ ነገር ላይ ልጠይቅዎት። እኛ ቤት ለቤት ስንዞር «ትኩሳቱን ቶሎ ካወረዳችሁ አይንቀጠቀጥም» እያልን ነው የምናስተምረው። ስህተት ነው?

ዶክተር፦

እህቴ፣ ብዙዎቻችን እንደዚያ ነበር የተማርነው፤ ግን ልክ አይደለም። ፓራሲታሞልም ኢቡፕሮፌንም በሰዓቱ እየተሰጠ የተደረጉ ጥናቶች መደጋገሙን አልቀነሱትም። ብዙ ጊዜ መንቀጥቀጡ ራሱ የመጀመሪያው ምልክት ነው፤ ወላጅ ልጁ መተኮሱን የሚያውቀው ከተንቀጠቀጠ በኋላ ነው። አባባሉ ሌላም ጉዳት አለው፦ የተንቀጠቀጠበት ልጅ እናት «ቶሎ ባለመስጠቴ ነው» ብላ ራሷን ትከሳለች፤ ከዚያ በሚቀጥለው ትኩሳት በየሁለት ሰዓቱ ትሰጥና ጉበቱን ትጎዳለች። ማስታገሻው ልጁ እንዲመቸው፣ እንዲጠጣና እንዲጠባ ነው። እንደዚያ ብለሽ አስተምሪያቸው።

ፋርማሲስት፦

ስለ «አንድ የሻይ ማንኪያ»። መጠኑ በዕድሜ ሳይሆን በክብደት ነው፦ ፓራሲታሞል በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። 12 ኪሎ ልጅ በ15 ሲሰላ 180 ሚሊ ግራም ይወስዳል። ጠርሙሱ «120 ሚሊ ግራም በ5 ሚሊ ሊትር» ካለ 7.5 ሚሊ ሊትር ነው። «250 በ5» ካለ ግን 3.6 ብቻ። ከሁለተኛው ጠርሙስ 7.5 የሰጠ ሰው በኪሎ 31 ሚሊ ግራም ሰጠ ማለት ነው፣ ከእጥፍ በላይ። ስለዚህ ማቆያው ውስጥ አንድ ዓይነት ጥንካሬ ብቻ ይቀመጥ፣ በመርፌ አልባ ሲሪንጅ ይለካ። የቤት ማንኪያ ከቤት ቤት ይለያያል። በፊንጢጣ የሚገባውን 125 ሚሊ ግራም ለሁለት አትክፈሉ፤ መድኃኒቱ እኩል ላይከፈል ይችላል። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም።

ጠዋት ሲረከቡ «ዛሬ ማስታገሻ ሰጥታችሁታል? ስንት ሰዓት?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። ወላጅ ሥራ እንዳይቀር ሰጥቶ ያመጣዋል፣ መድኃኒቱ ሲያልቅበት እኩለ ቀን ላይ እናንተ እጅ ይተኩሳል፤ እናንተም ሳታውቁ ትደግሙታላችሁ። ቴርሞሜትሩ የብብት ዲጂታል ይሁን። የብብት 37.5 እንደ ትኩሳት ይቆጠራል።

ዳያዞፓም በማቆያው ሣጥን ውስጥ ለሁሉም ልጅ ተብሎ አይቀመጥም። ሐኪም ለአንድ ልጅ በስሙ አዝዞ፣ ወላጅና ሠራተኛ ሠልጥነው ከሆነ ብቻ። መጠኑ በኪሎ 0.5 ሚሊ ግራም ነው፤ አምፑሉ 10 ሚሊ ግራም በ2 ሚሊ ሊትር ስለሆነ በኪሎ 0.1 ሚሊ ሊትር፣ ለ12 ኪሎ 1.2 ማለት ነው። በመርፌ ተቀድቶ መርፌው ይነቀላል፣ ሲሪንጁ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር በፊንጢጣ ይገባል፣ ከዚያ መቀመጫው ለጥቂት ደቂቃ ተጨምቆ ይያዛል፤ ካልተያዘ ተመልሶ ይፈሳል። «አልሠራም» የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ጡንቻ ላይ መውጋት መምጠጡ ስለሚዘገይ አይጠቅምም። ሁለተኛ መጠን ከ10 ደቂቃ በኋላ በጤና ተቋም ብቻ፤ ትንፋሽ ስለሚያዳክም አምቡ ባግና ማስክ (በእጅ እየተጨመቀ የሚያስተነፍስ ከረጢት ከነጭንብሉ) አጠገብ መኖር አለበት።

ሲስተር፦

ለሙያ ባልደረቦቼ አንድ ልጨምር፦ ዳያዞፓሙን ስትሰጡ የደም ስኳር አብራችሁ ለኩ። ከ45 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች (በምግብ እጥረት ለተጎዳ ልጅ ከ54 በታች) ከሆነ 10 በመቶ ግሉኮስ በኪሎ 5 ሚሊ ሊትር። እጃችን ላይ የሚገኘው 40 በመቶ ነው፤ አንዱን እጅ በሦስት እጅ የመርፌ ውሃ ማቅጠን ነው። ለ12 ኪሎ፣ 15 በ45። ሳይቀጥን በሕፃን ደም ሥር የገባ 40 በመቶ ሥሩን ያቃጥላል።

የታቦር መምህርት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ። አንድ የአራት ዓመት ልጅ ፌኖባርቢታል ይወስዳል፣ ያለ ትኩሳት የሚጥለው ነው። ስድስት ወር ስላልጣለው እናቱ አቁማ ጸበል ልትወስደው ነው። ሌላዋ የአምስት ዓመት ልጅ ናት፤ በትምህርት መሀል ፍዝዝ ትላለች፣ ሠራተኞች «ሐሳብ ይወስዳታል» ይላሉ። ደግሞ ወባ ሲያንዘፈዝፍ ከዚህ በምን ይለያል?

ጤና መኮንን (የሚጥል በሽታ ክትትል)፦

ከመጨረሻው ልጀምር። ወባ ወይም ብርድ ያንዘፈዘፈው ልጅ ያውቃችኋል፣ ያለቅሳል፣ ሲጠሩት ያያል። የሚንቀጠቀጠው ልጅ አያያችሁም፤ ዓይኑ ተገልብጦ ወይም ወደ አንድ ጎን ቆሞ ነው፣ እጁን ቀስ ብላችሁ ብትይዙት ንዝረቱ ከእጃችሁ ሥር ይቀጥላል። ሌላ የሚያደናግር አለ፦ ተቆጥቶ ወይም ደንግጦ ሲያለቅስ ትንፋሹ ቆሞ ከንፈሩ የሚጠቁር፣ አልፎም የሚዝለፈለፍ ልጅ። ያ ሁልጊዜ ከለቅሶ በኋላ ነው፣ የሚጥል በሽታ አይደለም፤ የደም ማነስ ግን ይመርመር፣ አይረን ሲሰጠው የሚሻለው ብዙ ነው።

ስለ ፌኖባርቢታሉ፦ እናቲቱን አትከራከሯት፣ ከጸበሉም አትከልክሏት። ጸበሉንም ታጠጣው፣ ክኒኑንም ትስጠው፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ማቆሙ ነው አደጋው። ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ ቀድሞ ከነበረው የከፋ፣ የማይቆም መንቀጥቀጥ ያመጣል። የሚቆመው ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይጥለው ከቆየ በኋላ፣ በሐኪም ትእዛዝ፣ በወራት ውስጥ እየቀነሰ ነው። ስድስት ወር አለመጣሉ መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን ነው የሚያሳየው። መጠኑ በኪሎ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ግራም ተጀምሮ እስከ 6 ይደርሳል፣ ማታ አንድ ጊዜ፤ 16 ኪሎ ልጅ በ3 ሲሰላ 48 ይመጣል፣ ባለ 30 ክኒን አንድ ተኩል ይቀርበዋል። ልጁ ሲያድግ መጠኑ ካልተከለሰ «መድኃኒቱ ለመደው» ይባላል፤ ክብደቱ ነው የበለጠው። ሙሉ ኃይሉን የሚያገኘው ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ስለሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ቢጥለው ተስፋ አይቆረጥም። ክፍል ውስጥ መቅበጥበጥ፣ ቁጡነት ወይም ድብታ ካያችሁ ጽፋችሁ ለእናቱ ስጡ፤ መድኃኒት ሊቀየር ይችላል። ሽፍታ ከአፍ ቁስል ጋር ከመጣ የዚያኑ ቀን ሆስፒታል።

ይህ ፌኖባርቢታል ለትኩሳት መንቀጥቀጥ በየቀኑ አይሰጥም። መደጋገሙን ቢቀንስም የልጁን ትኩረትና ባህሪ ይጎዳል፣ ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል።

በሽታው አይተላለፍም፣ በአረፋውም በትንፋሹም። ይህን ለምግብ አብሳዮቻችሁም ንገሯቸው፤ የወደቀን ልጅ ከእሳት ዳር ሳያነሱት የሚቀሩት በዚህ ፍርሃት ነው፤ በሀገራችን የሚጥል በሽታ ባለባቸው ሰዎች ላይ የምናያቸው ጠባሳዎች ብዙዎቹ የምድጃ ናቸው። ሐይቅ ስትወስዷቸው አንድ አዋቂ እጁ በሚደርስበት ርቀት ከእሱ ጋር ብቻ ይሁን።

ልጅቷ። ሐሳብ የወሰደው ልጅ ትከሻውን ሲነኩት ይመለሳል። ፍዝዝ የሚያደርገው የሚጥል በሽታ ዓይነት ከሆነ ግን አይመለስም። ከ5 እስከ 15 ሴኮንድ ዓይኗ ይፈዛል፣ ሽፋሽፍቷ ይርገበገባል፣ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ካቆመችበት ትቀጥላለች፣ አታስታውስም። በቀን ብዙ ጊዜ ሊሆን ይችላል። ሦስት ቀን ቁጠሩና ሰዓቱን ጽፋችሁ ላኩ። ሐኪሙ ፊት ለሦስት ደቂቃ በፍጥነት እንድትተነፍስ ይደረጋል፣ ብዙ ጊዜ እዚያው ይታያል። እናንተ ክፍል ውስጥ አትሞክሩት። በትክክል መለየቱ የሚያስፈልገው ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን የተባሉት የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ይህን ዓይነት ስለሚያባብሱ ነው።

ሕፃን ላላቸው ወላጆችም፦ ከ3 እስከ 12 ወር ያለ ሕፃን ያለ ትኩሳት ከእንቅልፍ ሲነቃ ደጋግሞ እጥፍ፣ ዘርጋ እያለ በተከታታይ ከደነገጠ «ቁርጠት ነው» ተብሎ አይታለፍ። ቪዲዮ አንስቶ በዚያው ቀን። እያንዳንዱ የዘገየ ሳምንት እድገቱን ይነካል።

የታቦር መምህርት፦

አዲሱን ወረቀት እንዲህ ጽፌዋለሁ፣ እርሙልኝ፦

«ሰዓት እይ፣ ጻፍ። በጎኑ አስተኛ። አፉ ውስጥ ምንም አታስገባ። አትያዘው፣ ክብሪት የለም፣ ውሃ የለም። ወላጅ አሁኑኑ ደውል። 5 ደቂቃ ካለፈ ሆስፒታል፣ በጎኑ ተኝቶ። ቢቆምም ዛሬውኑ ይታይ፤ የወባ ምርመራ ይጠየቅ። የክትባት ካርዱን ይዛችሁ ሂዱ።»

ሲስተር፦

«5 ደቂቃ ካለፈ» ከሚለው ቀጥሎ «ወይም ከቆመ በኋላ ደግሞ ከጀመረው» ጨምሪበት። የሆስፒታሉንና የባጃጅ ሹፌሩን ስልክ ከሥሩ በትልቁ ጻፊው፣ ወረቀቱንም ሰዓቱ ከተሰቀለበት ሥር ለጥፉት።